ላፕቶፑ ይከፈት!

ዲፌንስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አንድ ቀን ጎራ በሉ፤ በር ላይ የሚከለክል የለም።

ልጁ ሱፍ ለብሷል። ከረባቱን ከወንድሙ ተውሷል። እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከሚባለው አንዱም አልገባቸውም፣ ልጃቸው ሳይደናቀፍ እንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ስላይዱ 40 ገጽ ነው። መጨረሻው አካባቢ "93 በመቶ" የሚል ቁጥር በቀይ ተጽፏል። ከዚያ ፈታኞቹ ተራ በተራ ይጠይቃሉ። አንዱ የሥዕል 3.2 ርዕስ ከሥዕሉ በታች እንጂ በላይ መሆን የለበትም ይላሉ። ሌላው ማጣቀሻው ወጥ አይደለም ይላሉ። ሦስተኛው "ኮንትሪቢውሽንህ ምንድን ነው?" ይላሉ፤ ልጁ የሸመደደውን ይመልሳል። አስወጥተውት ይመክራሉ፣ አስገብተው "እንኳን ደስ አለህ" ይሉታል። ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ለስላሳና ብስኩት።

በዚህ ሁሉ መሀል "እስቲ ላፕቶፑን ክፈተውና ሲሠራ አሳየን" ያለ አንድም ሰው የለም።

እኛ እንዲህ ዓይነቱን ዲፌንስ ቁጭ ብለን አይተናል፣ ቆመንም አቅርበናል። ይህን ከምንጽፈው አራት ልጆች ሦስታችን በኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሳችንን ይዘናል፤ አራተኛዋ አሁንም አድቫይዘሯን በኮሪደር እያሳደደች ነው። ስለዚህ ከሩቅ ሆነን ድንጋይ እየወረወርን አይደለም፤ እጃችን አለበት።

የምንለው ይህን ነው። አንድ ሰው "እንዲህ ዓይነት ሲስተም ሠርቻለሁ፣ ይህን ያህል በመቶ ልክ ነው" ብሎ ከጻፈ፣ ያንን ሲስተም ከሱ ሌላ የሆነ ሰው፣ በሌላ ማሽን ላይ ማስነሳት መቻል አለበት። ካልተቻለ ማስተርሱ አይሰጥ። በቃ። ከባድ ነው ትሉ ይሆናል። ከባድ ይሁን።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማታውቁ ባጭሩ እንንገራችሁ። የእኛ ማስተርስ ሁለት ዓመት ነበር፤ አንዱ ዓመት ኮርስ፣ አንዱ ዓመት ቴሲስ። የኮርሱ ዓመት በሴሚናር ያልፋል። የፈረንጅ ወረቀት ይሰጥሃል፣ ታነበዋለህ፣ ስላይድ ትሠራለህ፣ ለጓደኞችህ ታቀርባለህ፣ ጓደኞችህ ስልካቸውን ይነካካሉ። ዲስትሪቢዩትድ ሲስተም ተምረን "ኤ" አግኝተናል፤ ሁለት ኮምፒውተር ግን አገናኝተን አናውቅም። ይህን ስንጽፍ እየሳቅን ነው፣ ግን አያስቅም። ምክንያቱም ከባቻችን ግማሽ ያህሉ ከክልል ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት የተላኩ መምህራን ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም የሚሠራ ነገር ሳይሠሩ ተመርቀው፣ መስከረም ላይ ተመልሰው ፕሮግራሚንግ ያስተምራሉ። ከዚያ የእነሱ ተማሪዎች ማስተርስ ይመጣሉ።

አሁን ወደ ቴሲሱ። በአማርኛ ቋንቋ ላይ የተሠሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ቴሲሶችን ደርድሩና ምዕራፍ ሁለትን ብቻ አንብቡ። አማርኛ የሴም ቋንቋ መሆኑ፣ ፊደሉ በሰባት ቤት መደርደሩ፣ ሀ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ መሆናቸው… ያው አንቀጽ ነው፤ ቃላቱ እንኳ ብዙም አልተነኩም። እንደ አያት ርስት ከባች ወደ ባች ይወርዳል። ምዕራፍ ሁለት ይወረሳል፣ ኮድ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ዳታውም እንደዚያው።

ከመካከላችን አንዱ ቴሲሱን የሠራው በአማርኛ የፊደል ግድፈት የሚያርም ፕሮግራም ላይ ነው። በዚያው ግቢ፣ በዚያው ርዕስ ዙሪያ ቀደም ብለው የተሠሩ ሦስት ጥራዞች ላይብረሪ ውስጥ አገኘ። ደስ አለው። የመጀመሪያው ጥራዝ ጀርባ ላይ ሲዲ ተለጥፏል፤ ላይብረሪው ውስጥ ደግሞ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር የለም። ማንበቢያ ከሰው ተውሶ ሲከፍተው ውስጡ ያለው የጥራዙ ፒዲኤፍ ነው። የሁለተኛውን ባለቤት በፌስቡክ አፈላልጎ አገኘው፤ ሰውዬው አሁን ባንክ ነው የሚሠራው፤ "ወንድሜ፣ ላፕቶፑ ተሰርቆብኛል" አለው። ሦስተኛዋ ደግ ነበረች። ሁለት ሳምንት ፈልጋ ፋይሉን ላከችለት። ሲከፈት በዩኒኮድ ሳይሆን በድሮ ፎንት የተተየበ ኖሮ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ። (የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም ለዓመታት በድሮው ፎንት መተየባችንን አልተውንም፤ ዋጋው ይኸው።)

ልጃችን ምን አደረገ? ከዜሮ ጀመረ። አራት ወር ሙሉ ቃል ሲለቅም ከረመ። ለትክክለኛው ሥራ የቀረው ሦስት ወር ነበር፤ እንደምንም አጣብቆ ጻፈ፣ ተመረቀ። እንግዲህ ያ በአራት ወር የተለቀመ ዳታ ዛሬ የት ነው? ቅር አይበለውና፣ እሱም አያውቅም።

"ይሄ የድህነት ጉዳይ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። ሲወረስ ምን እንደሚሆን እዚሁ አገራችን አይተናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ማዕከል ከዋልታ የተገኙ 1,065 ዜናዎችን፣ ወደ 210 ሺህ የሚጠጉ ቃላትን፣ እያንዳንዱ ስም ነው፣ ግስ ነው፣ ቅጽል ነው እያሰኘ በሰው እጅ አስመደበ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። ዳታው ሰው እጅ ስለገባ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሠሩበት፤ አንዱ የሌላውን ውጤት እያየ አሻሻለ። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት የአማርኛ ንግግር ስብስብም አለ፤ 100 ሰዎች ያነበቡት 20 ሰዓት ድምፅ ነው። አማርኛን የሚሰማ ማሽን ለመሥራት የተነሳ ሰው ዛሬም ከሱ ይጀምራል፤ ማንም ያወርደዋል። የአማርኛን ግስ ሥሩን ነቅሎ የሚያሳየው ሆርንሞርፎ የሚባለው ፕሮግራምስ? የሠራው ማይክል ጋሰር የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ነው፤ ኦሮምኛና ትግርኛም ጨምሮበታል። ግስ እርባታ ከእኛ በላይ ስለሚያውቅ አይመስለንም (ይወቅም አይወቅ፣ በሰፈራችን ግስ የሚያረባ ቄስ ትምህርት ቤት ሞልቷል)። ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ስላስቀመጠው እንጂ። የእኛ ልጆች የሠሯቸው ግስ ተንታኞች ደግሞ በተሰረቁ ላፕቶፖች ውስጥ አሉ።

ማስተርስ እየተማሩ እጅን ማስገባት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ዓለም የሚያውቀው ምሳሌ አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊነክስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። ሠርቶ እስኪጨርስ አልደበቀውም፤ ገና ጎዶሎ ሳለ አወጣው፣ ሰው ስህተቱን ነገረው፣ አረመው። በኋላ የማስተርስ ቴሲሱም በዚያው በሊነክስ ላይ ሆነ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልን፤ መጀመሪያ የሚሠራ ነገር፣ ቀጥሎ ስለሚሠራው ነገር የተጻፈ ወረቀት። የእኛ ተገላቢጦሽ ነው።

የለም፣ ሊነስ ሩቅ ነው ካላችሁ፣ ከመካከላችን ስለ አንዷ እንንገራችሁ።

በ2015 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለች፣ አንድ ደህና መምህር "ለዚህ ኮርስ ስላይድ አልቀበልም፣ ሰው የሚጠቀምበት ነገር አምጡ" አሉ። እሷና ሁለት ጓደኞቿ ሰፈሯ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ የካርድና የቀጠሮ መመዝገቢያ ፕሮግራም እንሥራላችሁ አሉ። ጤና ጣቢያው የሰጣቸው አራት ጊጋ ሚሞሪ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። በሁለት ወር ጨረስን ብለው አስረከቡ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት መብራት ጠፋ። አንዲት እናት በመመዝገብ ላይ ሳሉ ነበርና ግማሽ ስማቸው ገባ፣ ግማሹ ቀረ። ዳታቤዝ ኮርስ ላይ ስለ ትራንዛክሽን ሦስት ሳምንት ተምራ ነበር፤ ፈተናውንም ደፍናለች። ትራንዛክሽን ለምን እንደተፈጠረ የገባት ግን ያን ቀን፣ ጨለማ ውስጥ ቆማ ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ታካሚው ቀጠሮውን እንዳይረሳ ከሁለት ሰዓት በፊት የስልክ መልእክት እንዲሄድለት አድርገው ነበር። ነርሷ እንደ ማንኛችንም "3 ሰዓት" ብላ ትመዘግባለች። ኮምፒውተሩ ደግሞ 3 ሰዓት የሚለው የፈረንጆቹን ነው። የጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ያላቸው አንድ አዛውንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መልእክት ደረሳቸው። ሰው የሞተ መስሏቸው ደንግጠው ተነሱ። በማግስቱ መጥተው የተናገሩትን እዚህ አንጽፈውም፤ ለጨዋ አንባቢ አይሆንም።

ከዚያ ጳጉሜ መጣች። ልጆቹ ጳጉሜ 5 ቀን ናት ብለው ጽፈዋል። 2015 ደግሞ ጳጉሜ 6 የነበረችበት ዓመት ነው። ጳጉሜ 6 ሰኞ ዋለ፤ ነርሷ ለዚያ ቀን ልትቀጥር ስትል ፕሮግራሙ "እንዲህ የሚባል ቀን የለም" አላት። ሦስት የማስተርስ ተማሪዎች፣ ሦስቱም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ 6 እንደምትሆን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ኮድ ሲጽፉ ግን አላወቁም።

ትልቁ ግን የስሙ ነገር ነው። ካርድ ክፍል የሚሠሩት እናት ታካሚ በመጣ ቁጥር "የለም" ይላቸዋል፣ አዲስ ካርድ ያወጣሉ። አንዲት ታካሚ ሦስት ካርድ ወጣላቸው። ለምን? አንዱ ላይ ፀሐይ፣ አንዱ ላይ ጸሀይ፣ አንዱ ላይ ፀሀይ ተብለው። ያ ምዕራፍ ሁለት ላይ ሁላችንም የገለበጥነው አንቀጽ! ልጅቷ ስለ እነዚህ ፊደላት በሴሚናር ስላይድ ሠርታ አቅርባለች። ካርድ ክፍሏ እናት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፦ "የኔ ልጅ፣ እኔ ሰው የምፈልገው በጆሮዬ ነው፤ ያንቺ ማሽን በዓይኑ ነው የሚፈልገው።"

በነገራችን ላይ ይህ ቀላል ችግር እንዳይመስላችሁ። ፊደላቱን ወደ አንድ ብታመጣቸው ፀሐይ ትገኛለች። "ወልደ ማርያም" እና "ወልደማርያም"፣ "ገብረ እግዚአብሔር" እና "ገብረግዛብሄር"፣ ከክልል በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ የመጣ የሪፈር ወረቀት፣ የቤት ስምና የመዝገብ ስም የተለያየባቸው ሰዎች ግን ይቀራሉ። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ስለዚህ የፈረንጁ የስም ማመሳሰያ ዘዴ እንዳለ አይሠራም። የትኛው ዘዴ ስንት ካርድ እንደሚያድን በዚያ ጤና ጣቢያ መዝገብ መለካት ይቻላል። ምርምር ማለት ታዲያ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ልጅቷም እንደዚያ አሰበች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ይህንኑ ፕሮፖዛል አድርጋ ይዛ ሄደች። የተሰጣት መልስ "ይሄ የዲግሪ ፕሮጀክት ነው፤ ለማስተርስ አይመጥንም" የሚል ነው። መጨረሻ ላይ ምን ሠራች? የሌለ ኔትወርክ በሲሙሌሽን ላይ ገነባች፤ የሌሉ ኮምፒውተሮች የሌለ መልእክት ሲላላኩ ፈጣኑን መንገድ ፈለገች። "እጅግ በጣም ጥሩ" ተሰጣት። ጥራዙን ከዚያ ወዲህ የከፈተው ሰው ካለ ይንገረን።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ክርክር እናውቀዋለን፤ ፊት ለፊት ተነግሮናልና። "ማስተርስ ምርምር ነው፤ ሙያ መማር የፈለገ ቴክኒክና ሙያ ይግባ።" በአክብሮት እንመልሳለን፤ ሌላ ሰው ሊደግመው የማይችል ምርምር ምርምር ሳይሆን ምስክርነት ነው። በሙያው ትልልቅ ከሚባሉት ጉባኤዎች አንዱ የሆነው ኒውሪፕስ እ.ኤ.አ. በ2019 ጽሑፍ አቅራቢዎች ሥራቸው ሊደገም መቻሉን የሚያሳይ ዝርዝር እንዲሞሉ አድርጓል፤ ኮዳቸውንም እንዲያያይዙ አበረታቷል። እነሱ ይህን ያደረጉት ቴክኒክና ሙያ ስለሆኑ ነው?

"መብራት የለም፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል" የሚለውን አንንቅም፤ ኖረንበታል። ግን ጊት የተሠራው ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ተደርጎ ነው፤ ኮዱ ከነታሪኩ ላፕቶፕህ ላይ ይቀመጣል፣ ሲገኝ ትልከዋለህ። ካልተገኘም በፍላሽ ይሄዳል። ለዲፕ ለርኒንግ የሚሆን ማሽን የለንም? እውነት ነው፣ የለንም። ታዲያ ማሽን የማይጠይቅ ችግር መቼ አለቀና?

የኤክስቴንሽን ተማሪዎች ነገር ግን ያሳዝነናል። ቀን ባንክ፣ ማታ ክፍል፣ ቅዳሜ ልጅ። ጊዜ ከየት ያምጡ? ሆኖም የሚገርመው፣ ከሁላችንም የበለጠ የሚሠራ ችግር እጃቸው ላይ ያለው እነሱ ናቸው። አንድ የባች ጓደኛችን ቀኑን ሙሉ የባንኩን ደንበኞች የተደጋገመ ስም ሲያጣራ ይውልና፣ ማታ መጥቶ ስለ አሜሪካ የዱቤ ካርድ ማጭበርበር ሴሚናር ያቀርብ ነበር! የመሥሪያ ቤት ዳታ ምስጢር ነው ትሉን ይሆናል። ይሁን፤ ዳታው ይቅር፣ ኮዱ በፈጠራ ስሞች ተሞክሮ ይምጣ።

ጥፋቱን ሁሉ በመምህራኑ ላይ ብንደፋው ደግሞ ውሸታሞች እንሆናለን። ያ ደህና መምህር "ሰው የሚጠቀምበት ነገር አምጡ" ሲሉ ክፍሉ አጉረምርሟል፤ ዲፓርትመንት ሄደን እንክሰሳቸው ያለም ነበር። ብዙዎቻችን የምንፈልገው ወረቀቷን ነው፤ ለእርከን፣ ለደመወዝ፣ ለውጭ አገር። ከዚያ ሥራ ፍለጋ እንወጣና "ምን ሠርተሃል?" ሲሉን አፋችን ይያዛል። መፍትሔው ኦንላይን ሰርተፍኬት የሚመስለውም አለ። መማሩ ጥሩ ነው፤ ግን የሁሉም ሰው ፕሮጀክት ታይታኒክ ላይ ማን ይተርፋል የሚለውን መተንበይ ነው። መርከቧ የሰመጠችው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ማን እንደተረፈ በስም ይታወቃል፣ ወገን!

አሁን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውንና የማናወራውን እናውራ። ከግቢ በር ወጣ በሉና ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። "ፕሮፖዛልና ቴሲስ እናማክራለን" ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በቴሌግራምም ሞልቷል። ዛሬ ደግሞ ገንዘቡም ቀርቶ፣ ማሽን በአንድ ሌሊት ምዕራፍ አንድን እስከ አምስት ይጽፋል። የሥዕል 3.2ን ርዕስ ቦታ በመጠየቅ ይህን መያዝ አይቻልም። የስምንት ወር የሥራ ታሪክ ግን አለ፤ ማክሰኞ የተጻፈ፣ ረቡዕ የተሰረዘ፣ ሐሙስ እንደገና የተሞከረ። እሱንም ማስመሰል ይቻላል እንበል። ታዲያ ፈታኙ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው "ይህቺን መስመር ቀይርና እንደገና አስነሳው" ቢሉ፣ የገዛው ሰው ምን ያደርጋል? አጭበርባሪውን ለመያዝ ሌላ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፤ አሥር ደቂቃና አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። ሲዲው ይቅርና ኮዱና ዳታው ዲፓርትመንቱ ዘንድ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ የሚመጣው ባች የመጀመሪያ ወር ሥራው ያለፈውን ባች ፕሮግራም ማስነሳት ይሁን። ያልተነሳለት የማን ፕሮግራም እንደሆነ በስሙ ይጻፍ። የእኛም ስም ይጻፍ።

ጤና ጣቢያው አሁንም በዚያው ፕሮግራም ይሠራል። ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ ጋ ተደውሎ ነበር፤ ማተሚያው አልታዘዝ ብሏቸው። ጳጉሜ ተስተካክላለች፤ ወልደ ማርያም ግን ገና አስቸጋሪ ነው።

የዘንድሮው ዲፌንስ ወቅት ሲጀምር እኛ ከኋላ ወንበር እንቀመጣለን፤ ዲፌንስ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ከታዳሚ ጥያቄም ይፈቀዳል። ከእናቶች አጠገብ ቦታ ያዙልን። ጥያቄያችንን አስቀድመን ነግረናችኋልና ማንም ድንገት ተጠየቅኩ እንዳይል፤ ባትሪውን ሞልቶ ይምጣ።